ዴስክቶፕሽን ከማሳመርሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ነው የምትሠሪው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት፣ 4 ጂቢ ራም ያለው ነው። ዴስክቶፑ በደንበኛ ፋይል ተጨናንቋል። ሬይንሜተር ጭነሽ ሰዓትና የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ቆንጆ ገጽታ ልታደርጊለት አስበሻል። እኔም በዚሁ ሥራ ስለቆየሁ የሚጠቅመውን ልንገርሽ።

ሬይንሜተር ጥሩ ፕሮግራም ነው፣ ነፃም ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ወርድ ተከፍቶ በሚውልበት ማሽን ላይ ማን ያየዋል? በ4 ጂቢ ራም ደግሞ ወርድ፣ ክሮምና ቴሌግራም አብረው ሲከፈቱ ማሽኑ በቂ ሸክም አለበት። ሌላ አትጨምሪበት።

መጀመሪያ ፋይሎቹን አስተካክዪ። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የሚቀመጠው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ፎርማት ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። የስንቱ መመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ቀርቷል! ዲ ድራይቭ ካለሽ እዚያ ውስጥ "ዴስክቶፕ" የሚል ፎልደር ፍጠሪ። ከዚያ ዲስ ፒሲን ከፍተሽ ዴስክቶፕ የሚለውን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን፣ ሙቭ በዪና አዲሱን ፎልደር ምረጪ። ዲ ድራይቭን ራሱን እንዳትመርጪ፤ ድራይቩ በሙሉ ዴስክቶፕ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ መመለሱም ራስ ምታት ነው። ዲ ድራይቩ ያው ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ሃርድ ዲስኩ ከተበላሸ አያድንሽም። ዋና ዋናውን ሌላ ቦታም ኮፒ አድርጊው።

ቀጥሎ አይከኖቹን ደብቂ። ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ፣ ቪው፣ ከዚያ ሾው ዴስክቶፕ አይከንስ የሚለውን ምልክት አንሺ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ደንበኛ አጠገብሽ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። የሰው መታወቂያና ሲቪ በስሙ ተደርድሮ መታየት የለበትም።

እኔ በጣም የምወደው ለውጥ ግን ታስክባሩን፣ ማለትም ስክሪኑ ታች ያለውን የፕሮግራሞች መስመር፣ ወደ ግራ ማዞር ነው። ብዙ ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፣ ወደ ጎን ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር። የምንጽፈው ደግሞ ቁመቱ ረጅም በሆነ ኤፎር ገጽ ላይ ነው። ታስክባሩን ራይት ክሊክ አድርገሽ ሎክ የሚለውን አንሺና ጎትተሽ ግራ ጠርዝ ላይ አስቀምጪው። ታች በኩል የሚተርፈው ቦታ የሚታዩሽን መስመሮች ይጨምራል። ወርድን፣ የስካነሩን ፕሮግራምና የፍላሽ ፎልደርሽን የምትከፍቺበትን ፋይል ኤክስፕሎረር በቅደም ተከተል ታስክባሩ ላይ ፒን አድርጊያቸው። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዘሽ 1፣ 2 ወይም 3 ስትጫኚ በተራቸው ይከፈታሉ። ሰልፍ ሲበዛ ማውስ ፍለጋ መባከን ቀረ።

ለፍጥነቱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ስታርት አፕ ውስጥ ገብተሽ ማሽኑ ሲነሳ አብረው ከሚከፈቱት ፕሮግራሞች የማትፈልጊውን ዲሴብል በዪ። ሴቲንግስ፣ ፐርሰናላይዜሽን፣ ከለርስ ውስጥም ትራንስፓረንሲን አጥፊ። የጀርባ ምስሉን ነጠላ ደብዘዝ ያለ ቀለም አድርጊው፣ ዓይንሽም ያርፋል።

የዊንዶውስን ፋይል ነካክተው መልኩን የሚቀይሩ የቴም ፕሮግራሞችን ተያቸው። አንድ አፕዴት ሲመጣ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል። ፎንት ስታጸጂም የግዕዝ ፎንቶችን እንዳትነኪ። በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ሲጠፋ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ነው የሚመጣው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ልቀይር ወይ ላልሽው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ የደህንነት አፕዴቱን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ለሚሰካበት ማሽን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን 11 ላይ ታስክባሩን ወደ ጎን የሚያዞር ማስተካከያ አብሮት አልመጣም፣ 4 ጂቢም የሚጠይቀው ዝቅተኛው ልክ ነው። ገንዘብ ካለሽ መጀመሪያ ራሙን ወደ 8 አሳድጊና ሃርድ ዲስኩን ከእሱ በሚፈጥነው ኤስኤስዲ ቀይሪ። የላፕቶፑን ሞዴል ጻፊልኝና የሚገጥመውን ራም እነግርሻለሁ።