ባሕር ማዶ የታሰረን ሰው መጠየቅ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ልጄ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ማላዊ ላይ ተይዞ ታስሯል። አንድ ሰው እየደወለ «ገንዘብ ላኩ፤ መቀጮውን ከፍዬ አስፈታዋለሁ» ይለኛል። መሬቴን አስይዤ ልላክ? የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችስ በምን ሊያግዙኝ ይችላሉ? (አባት፣ ከሆሳዕና)

መልስ፦ አባታችን፣ ገንዘቡን ገና አይላኩ። ያለ ፈቃድ ድንበር ተሻግሮ የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ መቀጮ፣ ካልከፈለም እስራት ይፈረድበታል። መቀጮው እውነተኛ ከሆነ የሚከፈለው ለፍርድ ቤቱ ነው፤ ደረሰኝም አለው። በግለሰብ ስልክ ወይም በሐዋላ የሚላክ መቀጮ የለም። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ደግሞ ከመቀጮው ቀጥሎ ያለውን ነው። መቀጮው ተከፈለ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ተገኘ ማለት አይደለም። ልጁ የጉዞ ሰነድና የአውሮፕላን ቲኬት ከሌለው ወይ እስኪሸኝ ድረስ እዚያው ይቆያል፣ ወይ ደግሞ ከበሩ ላይ ያው ደላላ ይቀበለውና ጉዞውን ያስቀጥለዋል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው የተገኙበት ኮንቴይነር የመጣው ከማላዊ በኩል ነበር። «አስፈታዋለሁ» የሚለው ሰው የት ሊያደርሰው እንደሆነ ሳይናገር መሬት አይያዝ።

ለደዋዩ አራት ጥያቄ ያቅርቡለት፦ የእስር ቤቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የተፈረደበት ቀን፣ ልጁ የተመዘገበበት ስም። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ፍለጋው የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ ነው። ደላሎች የሐሰት ስም ስጡ ብለው ይመክራሉ። ጸሐፊውም የሰማውን እንደመሰለው ይጽፋል፤ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀድማል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ስሙን በእንግሊዝኛ ሊጻፍ በሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ጽፈው ይያዙ።

ቀጥሎ ሦስት በር አንኳኩ። አንደኛው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ለአገሩ የተመደበው ኤምባሲ ነው፤ በቦታው ኤምባሲ ከሌለ በሌላ አገር ያለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ደርቦ ይይዘዋል። ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም ፓስፖርት ለሌለው ሰው ወደ አገሩ መመለሻ የሚሆን የጉዞ ሰነድ፣ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው፤ ለመስጠት ግን ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ማስረጃ፣ የወላጅ መታወቂያና ጉርድ ፎቶ ግልጽ ሆኖ ተነሥቶ ይላክ። ሁለተኛው ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ በተለምዶ አይ.ኦ.ኤም. የምንለው ነው፤ በፈቃዳቸው መመለስ ለሚሹ የመመለሻ እርዳታ አለው። ሦስተኛው ቀይ መስቀል ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝ አገልግሎት አለው፤ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለውን ደብዳቤ ይቀበላል። ደብዳቤው ሳይታሸግ ነው የሚሄደው፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይጻፍበት። ፖለቲካ፣ የደላላ ስም ወይም የገንዘብ ጉዳይ ከገባበት ላያልፍ ይችላል።

ልጅዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን የሚያሳይ ወረቀት ከሁሉ ይቅደም። የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ላኩ። ከአዋቂ ጋር ተቆልፎበት ከሆነ የሚያስወጣው ይህ ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ሊሎንግዌ ያለን ጥቂት አማኞች ነን፤ አብዛኞቻችን ነጋዴዎች። የታሰሩትን የአገራችንን ልጆች በየወሩ ለመጠየቅ ተስማምተናል። አንድ ጊዜ ብስኩትና ልብስ ይዘን ሄደን ግርግር ተነሣ፤ ጠባቂዎቹም አስወጡን። ምን አጠፋን? (ከማላዊ)

መልስ፦ ወንድሞችና እህቶች፣ ያጠፋችሁት ቁጥሩ ላይ ይመስለናል። ለ800 ሰው ታስቦ የተሠራው፣ እዚያው ሊሎንግዌ ያለው የማውላ እስር ቤት ከእጥፍ በላይ የያዘባቸው ዓመታት አሉ፤ ምግቡም ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ የሚሰጥ ንሲማ፣ ማለትም የበቆሎ ገንፎ፣ ከባቄላ ዘር ጋር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ለ30 ኢትዮጵያዊ ብስኩት አድላችሁ ስትወጡ፣ ማታ በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን አስቡ። ያልደረሰው የክፍሉ ሰው ይቀማቸዋል። ጠንካራው እስረኛም «ነገ ለእኔም ይምጣልኝ» እያለ ያስጨንቃቸዋል። ከመሄዳችሁ በፊት የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊውን በክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቁ። 120 ከሆነ 120 ሳሙና ይዛችሁ ሂዱ። ለ120 አቅም ከሌላችሁ ለአንዱም አትስጡ፤ ያላችሁን ለክሊኒኩ ወይም ለወጥ ቤቱ በደረሰኝ አስረክቡ። ጨው፣ ዘይትና ባቄላ ወደ ጋራው ድስት ሲገባ ጠብ የለውም።

ፈቃዱን በቃል አትመኑ፤ ዛሬ የፈቀደው አለቃ ነገ ተዛውሮ ይሄዳል። ለእስር ቤቱ አዛዥ፣ ግልባጩን ለእስር ቤቱ ቄስ፣ የምትገቡትን ሰዎች ስምና የፓስፖርት ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምታስገቡትን ዕቃ ከነብዛቱ ጻፉ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ሁልጊዜ ያዙ። ከ4 እስከ 6 ሰው ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ፍተሻው ብቻ የተሰጣችሁን ሰዓት ይጨርሰዋል።

አማርኛው ራሱ የሚፈጥረው ችግርም አለ። ጠባቂው የማይሰማው ስብከት ሲረዝም ለማምለጥ የምትመክሩ ሊመስለው ይችላል። የትምህርቱንና የመዝሙሩን ፍሬ ነገር በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጽፋችሁ መግቢያው ላይ ስጡት፤ ቄሱም አብሮ እንዲቀመጥ ጋብዙት። በዚህ መንገድ የሚያልፉት ልጆች ብዙዎቹ ከሐዲያና ከከምባታ የመጡ ናቸውና አማርኛው ለአንዳንዱ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው። ከእናንተ መካከል ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ የሚችል ካለ፣ ጸሎቱን እሱ ይጸልይ።

አንድ ሰዓት ከተሰጣችሁ፣ ለትምህርት የሚተርፋችሁ 35 ደቂቃ ነው ብላችሁ ተነሡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በየጊዜው ሁለት ሁለት ብታነቡ በስምንት ጉብኝት ያልቃል። ግን ሰዎቹ ይቀያየራሉና የዛሬው ንባብ ለብቻው የሚቆም ይሁን፤ «ባለፈው እንዳየነው» ማለት ዛሬ ለመጣው አዲስ ሰው በር መዝጋት ነው። የተከሰሰበትን ጉዳይ አትጠይቁ፤ ከነገራችሁም ወደ ሌላ ክፍል አታሻግሩ። ደብዳቤ ተቀብላችሁ በኪስ አታውጡ። የግል ስልክ ቁጥራችሁን አትስጡ፤ የኅብረታችሁ አንድ ቁጥር ይኑርና የሚያነሣው ሰው ተራ ይግባ። «እናስፈታሃለን» የሚል ቃል ደግሞ በጭራሽ። «የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እንመጣለን» በሉና በዚያው ቀን ተገኙ፤ አንድ ቅዳሜ ብትቀሩ ሰዎቹ በሩን ሲያዩ ውለው ነው የሚመሹት። በየወሩ መቻላችሁን ከተጠራጠራችሁ በሁለት ወር አንዴ ብላችሁ ጀምሩ።

ስለ እምነትም እንድረስ። በክፍሉ ሙስሊም ወንድሞች አሉ። ዳቦው ጸሎት ላይ ለተገኘ ብቻ የሚታደል ከሆነ፣ በሁለት ወር ውስጥ ለዳቦ የሚያምን ጉባኤ ታፈራላችሁ። መጀመሪያ ዕቃውን ለሁሉም አስረክቡ፤ ከዚያ መስማት የሚፈልግ ይቀመጥ፣ የማይፈልግ ይሂድ። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ በማንዴላ ስም የሚጠሩት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች በቁጥር 65 ላይ እስረኛው የሃይማኖት አገልጋይ እንዳይጠይቀው መከልከል እንደሌለበት ይላሉ፤ እዚያው ላይ ደግሞ እሱ ካልፈለገ ፈቃዱ ይከበር ይላሉ። ፈቃድ ስትጠይቁ የመጀመሪያውን ሐረግ ጥቀሱ፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛውን አትርሱ።

ጥያቄ፦ በዚያው እስር ቤት ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያኩ ያድራሉ። ቅባት ገዝተን ሰጠን፤ ተሻላቸውና ተመልሶ መጣ። አዲስ የተያዙት ደግሞ አጥንታቸው የቀረ ነው፤ ምን እናብላቸው? (ከማላዊ፣ ሌላ ጠያቂ)

መልስ፦ እከክ ነው ብለን እንገምታለን፤ ለማረጋገጥ ግን የክሊኒኩ ሰው ይየው፤ መድኃኒትም በክሊኒኩ በኩል እንጂ በእጃችሁ አይሰጥ። ተመልሶ የመጣው የሚያኩትን ብቻ ስላከማችሁ ነው። ተጠጋግተው በሚያድሩበት ክፍል የማያሳክከውም ሰው ተባዩን ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ቀን ይቀባ። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ከሆነ ከአንገት እስከ እግር ጣት፣ በጣቶች መካከልና ከጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ይታጠባል። ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ለአንድ አዋቂ አንድ ቅብ 30 ግራም ያህል ይወስዳል፤ ለ40 ሰው ሁለት ዙር ባለ 30 ግራም 80 ቱቦ ማለት ነው። ለአንድ ዙር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ፣ ሌላው እስኪሞላ ጠብቁ።

ልብሱና ብርድ ልብሱ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ሙቅ ውኃ ከሌለ በፌስታል አስሮ ለሳምንት ማስቀመጥ ይበቃል፤ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ከሁለትና ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ለዚያ ሳምንት ግን ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋል፤ ልብስ ማምጣት የፈለገ የኅብረታችሁ አባል ካለ ቀኑ ያ ነው። ማሳከኩ ከተሳካ ሕክምና በኋላም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቀጥል ስለሚችል «አልሠራም» ብላችሁ ሦስተኛ ዙር አትጀምሩ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካያችሁ ደግሞ ለቲቢ ምርመራ በዚያኑ ቀን ለክሊኒኩ ተናገሩ።

ብዙ ቀን ሳይበላ ለከረመ ሰው ሥጋና ዘይት የበዛበት ምግብ ጠግቦ እንዲበላ ማድረግ ሊገድለው ይችላል። በደሙ ውስጥ ያለው ማዕድን በድንገት ይዛባና ልብ ይደክማል። ክሊኒኩ እስኪያየው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በትንሽ በትንሹ፣ ከዚያም ቀጭን አጥሚት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። እጅና እግሩ ካበጠ፣ ከተደናገረ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። መጠለያ ማዕከል የተያዙ እህቶቻችንን በቃሉ ማጽናናት እፈልጋለሁ። መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት ላስገባ? (እህት፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ)

መልስ፦ እህታችን፣ አታስገቢ። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. እዚያው ጅዳ ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን፣ 29ኙ ሴቶች፣ ተይዘው ወራት ታስረዋል፤ በኋላም ከአገር ተባረዋል። የመጽሐፉ ዋጋ የሚከፈለው ባንቺ ብቻ ሳይሆን በያዘችውም ላይ ነው። ውስጥ ባለ ስልክ የስብከት ድምፅ መላክም ያው ነው፤ ስልኩ ራሱ የተደበቀ ነውና። የምትችይው ሌላ ነው፦ የታሰሩትን ሙሉ ስም፣ የአሠሪያቸውን ስምና ስልክ፣ የቀረ ደመወዛቸውን በወር ቆጥረሽ ለቆንስላው ማድረስ፤ ለእናቶቻቸው ደውሎ «በሕይወት አለች» ማለት። የማያነቡትን ወረቀት እንዳይፈርሙ ከቻልሽ አስጠንቅቂያቸው፤ ደመወዝ ተቀበልኩ የሚል ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የፌዴራል እስር ቤት ላለ ወንድማችን የላክነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተመለሰ። ሁዳዴ ሲገባም የሚበላው አጥቶ ተቸግሮ ነበር። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ መጽሐፉ ጠንካራ ሽፋን ነበረው ብለን እንገምታለን። ጠንካራ ሽፋን የሚቀበሉት በቀጥታ ከአሳታሚ ወይም ከመጽሐፍ መደብር ሲላክ ነው፤ ዚፕ ያለው የቆዳ ሽፋን፣ ውስጡ በእጅ የተጻፈበት ወይም የተሰመረበትም አያልፍም። ለስላሳ ሽፋን ያለው ይፈለግ፤ ከመደብር ይላክ፤ ሙሉ ስሙና የእስረኛ ቁጥሩ በላዩ ይጻፍ። አስቀድሞ ወንድማችሁ ከቄሱ ቢሮ የጽሑፍ ፈቃድ ቢይዝ ደግሞ የፖስታ ክፍሉ በማያነበው ፊደል አይደናገጥም። ለጸሎት ቤቱ በስጦታ ብትሰጡ ይገባል፤ ግን የጸሎት ቤቱ ንብረት ነው፤ ወንድማችሁ ሲዛወር አይከተለውም።

ስለ ጾሙ፦ ጥያቄውን ጾሙ ሲገባ ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ ያቅርብ። ቄሱ «ተዋሕዶ» የሚለውን ላያውቀው ይችላልና የደብሩ አስተዳዳሪ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጻፍለት፦ 55 ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ ቀኑ 9 ሰዓት (በአሜሪካው ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት) ምግብ የለም። ቀኑ በየዓመቱ ይቀያየራልና የዘንድሮውን ጻፉ። የምሳው ሰዓት ስለሚያልፈው ምሳው ተቋጥሮ ከእራት ጋር እንዲሰጠው ይጠይቅ። አንድ ነገር ግን ንገሩት፦ በጾሙ ውስጥ ከእስር ቤቱ ሱቅ የሥጋ ውጤት ወይም አይብ ከገዛ ደረሰኙ ይመዘገባል፤ ጾመኛ አይደለህም ብለው ምግቡን ሊያቋርጡበት ይችላሉ። ለጓደኛዬ ነው የገዛሁት ማለት ብዙም አይሰማም።

ጥያቄ፦ ከታንዛኒያ እስር ቤት የተመለሰ ወጣት አለን። የፊታችን እሑድ መድረክ ላይ ቢመሰክር ወጣቶችን ከስደት አይመልስም? (የወጣቶች አገልጋይ፣ ከዱራሜ)

መልስ፦ የፊታችን እሑድ አይሁን። ወንድማችን፣ ያ ልጅ ወደ ቤቱ የገባው ከዕዳ ጋር ነው፤ የተበደረበት ሰው ምናልባት እዚያው ጉባኤ ውስጥ ተቀምጧል። አብረውት ሄደው ያልተመለሱ ልጆች እናቶችም ይኖራሉ፤ ሲናገር የልጃቸውን ስም ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ፣ ሳንባውን ይታይ፣ ይተኛ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ዕዳውን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ወለዱ እንዲቆምና መክፈያው ከመኸር በኋላ እንዲሆን ይለምኑለት።

እናቶቹን በተመለከተ፣ ከመድረክ በፊት ልጁ የሚያውቀውን በየቤታቸው፣ ሽማግሌ ባለበት ይንገራቸው። ያየውን ብቻ ይናገር፤ «ሳይሞት አይቀርም» የሚል ግምት አይጨምር። የት፣ መቼ፣ በምን መኪና እንደተለያዩ አንድ ሰው ይጻፍና ለቀይ መስቀል ይላክ።

ሦስት አራት ወር ቆይቶ ራሱ «ልናገር» ካለ፣ መድረኩ ላይ የደላላውን ስም እንዳይጠራ ንገሩት። ስሙን ለፖሊስ ይስጥ።