«ሦስተኛው ለማን ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያ ባሌ ሞተብኝ፤ እኔም ታምሜ አልጋ ያዝኩ። የሦስት ዓመት ልጄን በአንድ ድርጅት በኩል ለማደጎ ወደ አሜሪካ ሰጠኋት። ተምራ ትመለሳለች ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ። አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፤ ሰው አፈላልጋ አገኘችኝ። ለጥምቀት ልትመጣ ነው። እኔ ሌላ ባል አግብቼ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ ሰባት፣ ወንዱ አምስት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ያውቃል፣ ልጆቹ አያውቁም። ማታ ሲተኙ ግንባራቸው ላይ አማትባለሁ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሬ አንድ እጨምራለሁ። በቀደም ትንሹ «እማዬ፣ ሦስተኛው ለማን ነው?» አለኝ። ዝም አልኩት። ሰዎች ንስሐ የገባሽበትን ነገር መልሶ ማንሳት ኃጢአት ነው ይሉኛል። የአክስታችሁ ልጅ ናት ብላቸውስ? ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነስቻታለሁ፤ ያደገችው ግን በሌላ እምነት ነው። እንደገና መጠመቅ አለባት?

መልስ፦ እኅቴ፣ አጭር ስለሆነ ከመጨረሻው ልጀምር። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም። ስለ ቀረው ከነፍስ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ እሷም አዋቂ ናትና ፈቃዷ ይጠየቃል። ብቻ በመጣችበት ሳምንት አይሁን። ከአውሮፕላን የወረደን ልጅ በእምነት ጥያቄ አትቀበሉት።

አሁን ወደ ዋናው። «ንስሐ የገባሁበትን ማንሳት ኃጢአት ነው» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩትም። አንዱ ከትዳሩ በፊት የወለደውን ልጅ ከሚስቱ ይደብቃል። ሲጠየቅ «ተናዝዤበታለሁ፣ አልቋል» ይላል። ልጁ ግን አላለቀም፤ መርካቶ አካባቢ ሱቅ ይሠራል። ንስሐ ኃጢአትን ይደመስሳል እንጂ ሰውን አይደመስስም። ነቢዩ ሚክያስ «ኃጢአታቸውንም ሁሉ በባሕሩ ጥልቅ ትጥላለህ» ያለው ስለ ኃጢአት ነው። ልጅሽ ባሕር ተሻገረች እንጂ ባሕር ውስጥ አልተጣለችም። ኃጢአትሽም አይደለችም። ሰው ናት፤ የክርስትና ስም ያላት ሰው።

ደግሞስ ምን ነበር የተናዘዝሽው? መልሱን ለእኔ አትንገሪኝ፤ የነፍስ አባትሽ ነው። ግን ብዙ እናቶች ሲናዘዙ ድህነታቸውንና ሕመማቸውን እንደ ኃጢአት ይቆጥሩታል። በሌላ ሰው ተታለው የፈረሙትንም በራሳቸው ላይ ይጭኑታል። «ተምራ ትመለሳለች» ያሉሽን አንቺ አልፈጠርሽውም። በእኛ ቤት ማደጎ ማለት አክስቷ ጋ አድጋ ለመስቀል እናቷ ቤት የምትመጣ ልጅ ማለት ነው። ብዙ እናቶች ወረቀቱ ላይ አሻራቸውን ሲያሳርፉ ያሰቡት ይህንን ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕጋችንም በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይናገራል። የአሜሪካው ሕግ ግን ጉዲፈቻ ሲጸና የወላጅነትን መብት ይቆርጠዋል። ቃሉ አንድ ነበር፤ የተሰማው ግን እዚህና እዚያ ለየብቻ ነው። ብቻሽንም አልነበርሽም። በፈረንጆቹ 2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ሄደዋል። ፓርላማችን የውጭ አገር ጉዲፈቻን የከለከለው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ወደዚያች አንዲት አገር ብቻ የሄዱት ከ15,000 ይበልጣሉ። ይህን ያህል ቤት ውስጥ አንድ የጎደለ ሳህን አለ ማለት ነው።

«የአክስት ልጅ» የሚለውን ሐሳብ ግን ተዪው። እዚህ ላይ ጠበቅ እላለሁ። አባታችን አብርሃም ሣራን «እኅቴ ናት» ብሏል። ፈጽሞ ውሸትም አልነበረም፤ በአባቱ በኩል እኅቱ ነበረች። ግን ሚስትነቷን ሊሸፍንበት ስለተናገረው፣ በሰው ቤት መከራ ገባ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔርን የማይፈሩ ናቸው ብሎ የጠረጠራቸው ሰዎች ንጉሥ ቆሞ ገሠጸው። የአብርሃምን እምነቱንና እንግዳ መቀበሉን እንውሰድ፤ ይህን አንውሰድበት። እስኪ ልጅቷን አስቢያት። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጣ፣ እናቴን አገኘሁ ብላ፣ እናቷ ቤት ውስጥ የአክስት ልጅ ተብላ ቡና ሲቀርብላት። አማርኛ ባትሰማም ፊት ታነባለች።

የራሴንም ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ተመሳሳይ ነገር ጠይቃኝ «ልጆች ናቸው፣ ይደጉና ይነገራቸዋል» ብዬ አሰናበትኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ትልቁ ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከአንዲት ጎረቤት ሰማው። «ያ ፈረንጅ የወሰደው ወንድምህ ደህና ነው?» አለችው፣ ቆሎ እየዘገነች። ልጁ ወር ሙሉ ከእናቱ ጋር አልተነጋገረም። ያንን ምክር እስከ ዛሬ እቆጭበታለሁ። የአንቺም ጎረቤቶች ያውቃሉ። ልጆችሽ መስማታቸው አይቀርም፤ ካንቺ ይስሙት።

ሰዎች ሊያጽናኑሽ «እንደ ሐና ልጅሽን ሰጠሽ» ሳይሉሽ አይቀሩም። እኔ አልልሽም። ሐና ተስላ፣ ወዳ፣ የት እንደሚያድር እያወቀች ነው የሰጠችው። በየዓመቱም እየሄደች ታየው ነበር። አንቺ ፎቶ እንኳ አልደረሰሽም። ግን ከሐና ቤት አንድ ነገር ልዋስልሽ። መጽሐፈ ሳሙኤል «እናቱም ታናሽ መደረቢያ ሠራችለት፥ በየዓመቱም ትወስድለት ነበር» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች እንደወለደች ይነግረናል። አስቢው እስኪ። አምስት ልጆች ቤት ውስጥ ይርመሰመሳሉ። እናትየው ቁጭ ብላ ለማንኛቸውም የማይሆን ልብስ ትሰፋለች። ዓመት ሲዞር ልብሱ ትንሽ ይረዝማል። መጽሐፉ አልጻፈውም እንጂ አንዱ «እማዬ፣ ይሄ ለማን ነው?» ሳይላት አልቀረም፤ እኔ እንደማውቃቸው ልጆች ከሆኑ። ሐናም «ለወንድማችሁ» ያለች ይመስለኛል። የአንቺ መደረቢያ ያ ግድግዳ ላይ የምታማትቢው ነው። ልጅሽ አይቶታል፤ ጠይቆሻልም። የቀረሽ መመለስ ብቻ ነው።

እንዴት? ስብሰባ አትጥሪ። «ቁጭ በሉ የምነግራችሁ ነገር አለ» ካልሻቸው ገና ሳትጀምሪ ይፈራሉ። እጃቸው ሥራ ሲይዝ ይሻላል፤ ቡና ስትለቅሙ ወይም ሴቷን ሹሩባ ስትሠሪያት። አጭር ይሁን። «ከእናንተ በፊት አንዲት ልጅ ወልጃለሁ። እኅታችሁ ናት። አባቷ ሞተ፣ እኔም በጣም ታምሜ ማሳደግ አቃተኝ። አሜሪካ ያሉ ሰዎች አሳደጓት። እወዳታለሁ። ማታ የማማትበው ለእሷ ነው። ለጥምቀት ትመጣለች።» በቃ። ስሟንም ንገሪያቸው፤ ሁለቱንም፣ አንቺ ያወጣሽላትንና እዚያ የምትጠራበትን። እንባ ቢመጣብሽ ይምጣ። ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ጸጸትሽን በሰባት ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አታራግፊ፤ ለእሱ ነፍስ አባት አለሽ።

«እግዚአብሔር ወሰዳት» እንዳትያቸው። በእኛ ቋንቋ ሞተች ማለት ነው፤ ሞታ የነበረች ልጅ ሻንጣ ይዛ በር ስትገባ ይደነግጣሉ። «ለእሷ እንዲሻላት ጥሩ አገር ላክኋት» የሚለውም ደስ አይለኝም። ልጅ እንዲህ ሲባል የሚገባው ቤታችን መጥፎ ነው የሚል ነው። አለበለዚያም «እኔን ለምን አልላክሽኝም?» ይልሻል። «እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው አባቷ የሞተው» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ከመጣ ቡናውን አጠጥተሽ ሸኚው። እግዚአብሔር ለአሜሪካ ቤተሰብ ልጅ ሊሰጥ ብሎ የሐዋሳ አባት አይገድልም። የተሰበረውን ይጠግናል፤ ይህን ንገሪያቸው።

የምትፈሪው ጥያቄም ይመጣል። «አንቺ ብትታመሚ እኔንም ትሰጪኛለሽ?» ትልሻለች ሴቷ። ስትጠይቅ ዓይንሽን ሳታይ ሳይሆን አይቀርም፤ የጫማዋን ክር እየፈታች፣ ወይ ወንድሟን እየቆነጠጠች። «አልሰጥም» ብለሽ ብቻ አትለፊው። ሰው ቁጠሪላት፤ አባትሽ አለ፣ አያትሽ አለች፣ የክርስትና እናትሽ አለች፣ እዚሁ ናችሁ በያት። በማግስቱ ደግማ ብትጠይቅ ደግመሽ መልሺ። የቤቱ ምሰሶ ይነቃነቅ እንደሆነ እየገፋች ማየቷ ነው።

ልጅቷ ያሳደገቻትን ሴት «እናቴ» ስትል ልብሽ ሊደማ ይችላል። ልጆቹ ግን ከአንቺ ያያሉና ፊትሽን አታጥቁሪ። እመቤታችን ራሷ ጌታን በቤተ መቅደስ ስታገኘው ዮሴፍን «አባትህ» ብላ ጠርታዋለች። ማን ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያሳደገውን ሰው ስም ግን አልነፈገችውም። ልጆቹ «ስንት እናት አላት?» ካሉሽ «ሁለት» በያቸው። ከአዋቂ ይልቅ ለእነሱ ይቀላቸዋል።

አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ እንግሊዝኛ ጀምራለች ብላችሁ የሰባት ዓመቷን ልጅ አታስተርጉሟት። ባለቤትሽም ስትነግሪያቸው አጠገብሽ ይቀመጥ፤ መናገር የለበትም። ትንሹ ደግሞ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «ምን ይዛልን ትመጣለች?» ሊል ይችላል። እንዳትቆጪው። የአምስት ዓመት ልጅ ነው።