የአክሰስ 97 የዱቤ መዝገብ በአዲሱ ኮምፒውተር አልከፈት ሲል

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ እንሸጣለን። አባታችን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የዱቤ ደንበኞቻቸውን የመዘገቡት በአክሰስ 97 (በማይክሮሶፍት የመረጃ መዝገብ ፕሮግራም) ነው። ዊንዶውስ 11 ያለው ኮምፒውተር ገዝተን ፋይሉን ብንገለብጥም አዲሱ አክሰስ «በቀድሞ እትም የተሠራ ነው» ብሎ አልከፍትም አለ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ አይደንግጡ፤ መዝገቡ አልተበላሸም፤ ዊንዶውስ 11ም ጥፋት የለበትም። አክሰስ ከ2013 እትሙ ጀምሮ የ97ን ፋይል መክፈት ትቷል። 2003፣ 2007 እና 2010 ግን ይከፍቱታል፤ ወደ አዲሱ ዓይነትም ይለውጡታል።

በመጀመሪያ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አክሰስን ዘግተው ፋይሉን በሁለት ፍላሽ ይገልብጡ። አንዱን ማንም እንዳይነካው። ከዚያ ከሦስቱ እትሞች አንዱ ያለበትን ኮምፒውተር ፈልገው ሁለተኛውን ቅጂ ይለውጡ። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ባለ 32 ቢት ኦፊስ (አክሰስ ያለበትን የማይክሮሶፍት ጥቅል) ቢጭኑ ይሻላል፤ ፋይሉ ውስጥ የዊንዶውስን ተግባራት የሚጠራ የዚያ ዘመን ኮድ (የፕሮግራም ትእዛዝ) ካለ በባለ 64 ቢት ኦፊስ ሳይስተካከል አይሠራም።

የእኔ ትልቁ ስጋት አማርኛው ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር የሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አክሰስ 97 ደግሞ ዩኒኮድን አያውቅም። ስለዚህ ስሞቹ የተጻፉት የላቲን ፊደላትን ቦታ በተዋሰ የድሮ ፎንት መሆን አለበት። ፋይሉ ሲከፈት የደንበኞቹ ስም የተዘበራረቀ ላቲን ሆኖ ቢታይ «ጠፍቷል» ብሎ እንደገና ልጻፍ የሚል ሰው አያስጠጉ። ፎንቱን ከአሮጌው ኮምፒውተር ወስደው ይጫኑ፤ ስሞቹ ይመለሳሉ። በኋላ ወደ ዩኒኮድ ሲያስለውጡ በጥቂት ስሞች ይሞክሩና «ኃይሉ» እና «ሐይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» እንዳይቀላቀሉ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር ያመሳክሩ። የሚለውጠው ኮምፒውተር በዊንዶውስ ቅንብሩ ዩኒኮድ ላልሆኑ ፕሮግራሞች የተመረጠው ቋንቋም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን።

ቀኖቹም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አባትዎ በእኛ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ አስገብተዋቸው ከሆነ፣ ጽሑፍ እንደሆኑ ይቆዩ። ወደ ቀን ዓይነት ከተለወጡ ጥቅምት 30 ማለትም 30/2 ቦታ አያገኝም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ሁለተኛ ወር 30ኛ ቀን የለውምና። ጳጉሜን 5፣ 5/13 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ ሜይ 13 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። እንዲህ ያለ ስሕተት ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚያልፍ ነው አጥብቄ የምናገረው።

በመጨረሻ የደንበኞቹን ብዛትና የዱቤውን ጠቅላላ ድምር በሁለቱም ኮምፒውተሮች ያውጡ። ሳንቲሙ ሳይቀር እስኪገጥም ድረስ የአባትዎን ኮምፒውተር አይሽጡ፣ ፎርማትም አያድርጉት (ውስጡን አያጥፉ)።