«ተርጓሚ» ወይስ «አስተርጓሚ»?

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ሼል እየጻፍኩ ነው። ትእዛዝ በመስመር ተቀብሎ ፕሮግራሙን ያስነሣል። መግለጫውን በአማርኛ ሳዘጋጅ ግን ስሙ ላይ ተቸገርኩ። «ትእዛዝ ተርጓሚ» ልበለው ወይስ «ትእዛዝ አስተርጓሚ»? «ትእዛዝ»ስ በ«እ» ነው በ«ዕ»?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁኝ፤ ይህች «አስ» ስታበሳጨኝ ነው የኖረችው።

«ተረጎመ» በግዕዝ «ተርጐመ» ነው። የአካድኛው «ታርጉማኑ»፣ የአራማይኩ «ታርጉም»፣ የዐረብኛው «ተርጁማን» ዘመዶቹ ናቸው። «ተ» ከፊት የተለጠፈች ናት የሚሉ አሉ። እሺ፣ እናንሣት። የሚቀረው «ረገመ» ሊመስል ነው! ተርጓሚው ሁሉ ተረጋሚ ሆኖ ሊያርፈው! «ተ» የሥር ፊደል ናት። ተደራጊው ሌላ «ተ» ጨምሮ «ተተረጎመ» የሚለውም ለዚህ ነው።

«አስ» ስትጨመር ግሡ አስደራጊ ይሆናል። መጽሐፉን ከፍሎ ያስተረጎመው አሳታሚ አስተርጓሚ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሠራው ተርጓሚ። ፍርድ ቤትንም «ሕግ ተርጓሚ» እንጂ «ሕግ አስተርጓሚ» አንለውም። ግን እዚያው ችሎት ፊት በሁለት ቋንቋ መካከል የሚቆመውን ሰው አገር ሁሉ «አስተርጓሚ» ይለዋል። በዚህ ተሸንፌያለሁ፤ ጆሮዬን መጎርበጡን ግን አልተወም።

ወደ ሼልዎ ልመለስ። መስመሩን ያነባል፣ በክፍት ቦታው ይቆራርጣል። «ፎርክ» በሚባለው የሥርዓቱ ጥሪ የራሱን ቅጂ ይፈጥራል። ቅጂው «ኤክዜክ» በሚባለው ጥሪ ወደተጠራው ፕሮግራም ይለወጣል፤ ዋናው «ዌይት» በሚባለው ይጠብቃል። «ኤልኤስ» ሲሉት ፋይሎቹን የሚዘረዝረው ሌላ ፕሮግራም ነው። «ያው ሌላ ካሠራ ‹አስ› ይገባዋል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የሚያሠራው ግን መፈጸሙን ነው፤ መስመሩን የሚፈታው ራሱ ነው። እንግዲያው «አስ» ወደ «ፈጸመ» ትሂድና «ትእዛዝ አስፈጻሚ» እንበለው? እሱም ፎልደር በሚቀይረው ትእዛዝ፣ በ«ሲዲ» ላይ ይሰናከላል። ቅጂው ፎልደር ቢቀይር ዋናው ካለበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ «ሲዲ»ን ሼሉ ራሱ ይፈጽመዋል። ለሁሉም የሚሆነው «ትእዛዝ ተርጓሚ» ነው። ጓደኞችዎ «ሼል» ብቻ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ይበሉት። የእንግሊዝኛውን ፍቺ ይዘው «ቅርፊት» እንበለው የሚሉትን ግን እንዳልሰማሁ አልፋለሁ።

«ትእዛዝ» ከ«አዘዘ» ስለሚወጣ በ«እ» ነው። «ትዕዛዝ» ደብዳቤውንም ጋዜጣውንም ሞልቶታል፤ ለአንባቢ ያው ነው፣ አልጣላም። ኮምፒዩተር ግን እንደ ሰው አይቻቻልም። ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ «እ» እና «ዕ» የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሼልዎ የአማርኛ ቃል በትእዛዝነት የሚቀበል ከሆነ፣ ተጠቃሚው ፊደል በቀየረ ቁጥር «አልተገኘም» ይለዋል። ስለዚህ ሲቀበል ሁለቱንም ይቀበል። ሲጽፍ ግን፣ አደራ፣ በ«እ» ይሁን።