ርዕሱን አትተዪው፤ ቫይረሱን ግን ቀይሪው

ውድ ጠያቂያችን፣ አዳማ ላይ በባዮሎጂ መመረቅሽን፣ ለማስተርስ የቫይረስ ፕሮቲኖች በህዋሱ ኒውክለስ (ዲኤንኤው ባለበት አስኳል) እና በዙሪያው ባለው ሳይቶፕላዝም መካከል እንዴት እንደሚመላለሱ ማጥናት እንደምትፈልጊ፣ «እዚህ አይሠራም» መባልሽንም ጽፈሽልናል። ይሠራል፤ የሚወስነው የምትመርጪው ቫይረስ ነው።

የጠቀስሽው ሬቭ የተባለው የኤችአይቪ ፕሮቲን ለመማሪያ ግሩም ነው። 116 አሚኖ አሲድ ብቻ ሆኖ በአርጂኒን የበለጸገ ወደ ኒውክለስ የመግቢያ ምልክትም፣ ሲአርኤም1 የተባለው አጓጓዥ የሚይዘው በሉሲን የበለጸገ የመውጫ ምልክትም አለው። ሙከራው ግን የሰው ህዋስ ማሳደግን፣ ሴረምን፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተርንና የማይቋረጥ መብራትን ይጠይቃል። አንድ ሌሊት መብራት ከጠፋ የሳምንታት ልፋት ሊበላሽ ይችላል።

በምትኩ በነጭ ዝንብ የሚተላለፈውን፣ የቲማቲም ቅጠል የሚያጠቀልለውን ቫይረስ ውሰጂ። ዲኤንኤውን የሚያባዛው በተክሉ ኒውክለስ ውስጥ ስለሆነ የሽፋን ፕሮቲኑ መግባትና መውጣት ግድ ይሆንበታል። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብሽ ነው፤ ተባባሪ አማካሪ መጠየቅ የምትጀምሪው ከዚያ ይሁን።

ዘዴው ጂንን ወደ ተክል ህዋስ የሚያስገባው ባክቴሪያ፣ አግሮባክቴሪየም ነው። የፕሮቲኑን ጂን ከጂኤፍፒ (አረንጓዴ ከሚያበራው ፕሮቲን) ጂን ጋር አገናኝተሽ ባክቴሪያው ውስጥ ታስገቢያለሽ። ያደገውን ባክቴሪያ 10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ 10 ሚሊሞላር ኤምኢኤስ (የአሲድነት መጠን የሚጠብቅ ኬሚካል) እና ባክቴሪያውን ጂን እንዲያስገባ የሚያነቃቃው አሴቶሲሪንጎን 150 ማይክሮሞላር ባለበት ውህድ ውስጥ በጥብጪው፤ የባክቴሪያውን መጠን የሚያሳየው በ600 ናኖሜትር የብርሃን ንባብ ከ0.3 እስከ 0.5 ይሁን። ከ2 እስከ 3 ሰዓት አቆይተሽ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በኒኮቲያና ቤንታሚያና (የትምባሆ ዘመድ የሆነ የላብራቶሪ ተክል) ቅጠል ጀርባ ታስገቢያለሽ። ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ ታያለሽ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጂኤፍፒ 27 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው፤ ከ40 ኪሎዳልተን ገደማ በታች የሆነ ፕሮቲን ደግሞ ያለ ምንም ምልክት በኒውክለስ ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ከአንድ ጂኤፍፒ ጋር ብቻ አገናኝተሽ «ኒውክለስ ገባ» ብትዪ ማንም አይቀበልሽም፤ ሁለት ወይም ሦስት ጂኤፍፒ ቀጥዪበት። ለማነጻጸሪያ ጂኤፍፒን ለብቻውና ምልክቱ የተለወጠበትን ፕሮቲን አብረሽ ሞክሪ። በቅጠል ህዋስ ውስጥ ደግሞ ቫኪዩሉ (በፈሳሽ የተሞላው ትልቅ ከረጢት) ሳይቶፕላዝሙን ወደ ዳር ስለሚገፋው፣ ኒውክለሱን የከበበው ስስ ሽፋን በተራ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ውስጡ ያለ ይመስላል። አንድን ስስ ንብርብር ብቻ ለይቶ በሚያሳየው ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ፣ ዲኤንኤን ከሚያቀልመው ዳፒ ጋር እዪው። በጣም ያበሩትን ህዋሳት ተዪያቸው፤ ከልክ በላይ የተመረተ ፕሮቲን ያለ ቦታው ይገኛል።

ሌላም አለ፤ አንድ ፎቶ መመላለስን አያሳይም። ኒውክለስ ውስጥ ብቻ የሚታይ ፕሮቲን እየወጣ የሚመለስ ሊሆን ይችላል። ሳይቶፕላዝም ውስጥ የነበረ ፕሮቲን ሲአርኤም1ን በሚያግደው ሌፕቶማይሲን ቢ በተባለ ኬሚካል መውጫው ሲዘጋ ኒውክለስ ውስጥ ከተከማቸ ግን፣ በሲአርኤም1 በኩል ይወጣ እንደነበር ጠንካራ ማስረጃ አለሽ።

ለሥራም ያዋጣሻል፤ በዚህ ጥናት ፒሲአር (ዲኤንኤን ማባዛት) እና ክሎኒንግ (ጂንን ቆርጦ መቀጠል) እጅሽ ይገባሉ፣ ሁለቱም የየትኛውም ሞለኪውላር ላብራቶሪ የዕለት ሥራ ናቸው። አሁኑኑ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ዩኒፕሮት ከተባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት አውርደሽ ምልክቶቹን በኮምፒውተር ፈልጊ። ፕሮፖዛሉን ከመጻፍሽ በፊት ኮንፎካል ያለው ተቋም ሰዓት እንደሚሰጥሽ በደብዳቤ አረጋግጪ። ካልተገኘ ኒውክለሱን ከሳይቶፕላዝሙ ለይተሽ፣ ኒውክለስ ውስጥ የሚገኘውን ሂስቶን ኤች3 ፕሮቲን መለያ አድርገሽ፣ ፕሮቲንን በፀረ እንግዳ አካል ለይቶ በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ሥሪው።