ሞንታርቦው ሃይማኖት ነው ወይስ ንግግር?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ባህር ዳር ጣና ዳር ነው የምኖረው። ሰፈራችን ያለው ቤተክርስቲያን (የራሴም እምነት ነው እንዳትታዘበኝ) ሞንታርቦውን ሌሊት 9 ሰአት ይለቀዋል፣ አራስ ነኝ፣ ልጄ እየበረገገች ታለቅሳለች። ባለቤቴ ሄዶ ቀንሱልን ቢላቸው የሃይማኖት ነጻነት ነው ማንም አይነካውም አሉት። ህግ የሚማረው ወንድሜ ደሞ ንግግር ነው ቢሉ ፍርድ ቤት የበለጠ ይጠብቃቸዋል ይላል፣ እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ወንድምሽ የሚለው የአሜሪካኖቹን ነው፣ እዛ ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። በፈረንጆቹ 1940 የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለባንዲራ ሰላምታ አንሰጥም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረው በሃይማኖት ነጻነት ተከራክረው ተረቱ፣ በ1943 የዛው እምነት ሌሎች ልጆች ያሸነፉት ሰው ያላመነበትን እንዲናገር አይገደድም ተብሎ ነው። በ1990 ደሞ ለጸሎት ስርአት ፔዮቴ የሚባል አእምሮ የሚያዞር፣ በህግ የተከለከለ ቁልቋል የወሰዱ ሰዎች፣ ህጉ ለሁሉም እኩል ከወጣ እምነታችሁን ቢነካም ትታዘዛላችሁ ተባሉ።

አሁን ያንቺን የሚመስለውን ልንገርሽ። ኒውዮርክ ውስጥ ሎክፖርት የምትባል ከተማ አንድ ሰባኪ መኪናው ላይ ድምጽ ማጉያ ጭኖ መናፈሻ ውስጥ ይሰብክ ነበር፣ ሰው ሲያማርር ፈቃዱ አልታደስ አለው፣ ያለፈቃድ ቀጠለና ተቀጣ። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ አወጣው፣ በንግግር ነጻነት፣ ምክንያቱም ፖሊስ አዛዡ ደስ ሲለው የሚፈቅድ ሳይለው የሚከለክል ስለነበር። በአመቱ ግን ያው ፍርድ ቤት ከተማ የሚያደነቁር ጩኸትን መከልከል ይችላል አለ። እና እህቴ፣ ንግግር የሚጠበቀው ለሚባለው ነገር ነው፣ ለቮልዩሙ አይደለም፣ ወንድምሽ የዘለላት ይቺን ነው።

የኛም ህገመንግስት ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 29 ሃሳብን በይዘቱ መገደብ ይከለክላል፣ አንቀጽ 27 ደሞ እምነትን መግለጽ ለህዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለሌሎች ሰዎች መብት ሲባል በህግ ሊገደብ ይችላል ይላል። ማንም አይነካውም ያሏችሁ ትክክል አይደሉም፣ ያንቺም የልጅሽም ጤና እዛው አንቀጽ ውስጥ አለ።

ግን ክስ አትጀምሪ። ጸሎቱን ማንም አልነካም፣ ጣና ላይ ያሉት ገዳማት ስንት ዘመን በድንጋይ ደወል ሲጠሩ ኖረዋል። የንስሃ አባትሽን ላኪ፣ ዝጉ አይበሉ፣ እስክትጠነክሪ ሞንታርቦውን ወደ ግቢው ውስጥ አዙሩላት ይበሉ።