የቶርኖዬ ዲግሪ ይዋሻል፤ ምን ይሻለኛል?

ሰሞኑን ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም ግቢ ጥግ ወይም ጋራዥ ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያዞረች የምትቀርጽ ማሽን) ላይ አንግል ስለማስተካከልና ስለማስመር ይጠይቃሉ። የምወደው ጉዳይ ስለሆነ የዚህን እትም ቦታ ሁሉ ሰጥቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለች ትንሽ ቶርኖ ገዝቼ ግቢ ውስጥ ተክያለሁ። ለቴልስቶኩ (በማሽኑ ቀኝ ጫፍ ላለው ደጋፊ ራስ) የሚሆን የሞርስ ቴፐር ቁጥር 2 ዘንግ (ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የሚይዝ ሾጣጣ) ለመሥራት ሁለት ቀን ለፋሁ። ኮምፓውንዱን (መቁረጫውን የሚይዘውን፣ በዲግሪ የሚዞረውን ትንሽ ተንሸራታች) አንድ ዲግሪ ተኩል ላይ አስሬ ነው የቀረጽኩት። ሲገባ አፉ ላይ ብቻ ይይዝና ከውስጥ ይወላወላል። ጥፋቱ የብረቱ ነው? የማሽኑ ነው? ወይስ የእኔ? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብረቱም ደህና ነው፣ አንተም ደህና ነህ። ያሳሳተህ ኮምፓውንዱ ግርጌ ላይ የተቆረጠው የዲግሪ መስመር ነው።

እስቲ እናስላው። ክብ ግርጌው 70 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። ዙሪያውን ለ360 ስታካፍለው ለአንድ ዲግሪ የሚደርሰው 0.61 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መስመሩ ራሱ 0.2 ሚሊሜትር ከወፈረ የዲግሪ ሲሶ በላ ማለት ነው። እና አንተ "መስመሩ ላይ ነው" ብለህ ዳዶውን ስታጠብቅ፣ በግራ ጠርዙ ይሁን በቀኝ ጠርዙ ዓይንህ አይለየውም፤ በ60 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ግን ያቺ ሲሶ ዲግሪ በአንድ ጎን ብቻ 0.35 ሚሊሜትር ስህተት ትሆናለች። ለሞርስ ቴፐር ይሄ ገደል ነው።

ደግሞ የቁጥር 2 ሞርስ ግማሽ አንግል አንድ ተኩል አይደለም። በየ20.02 ሚሊሜትር ርዝመቱ ዲያሜትሩ 1 ሚሊሜትር ይቀንሳል፤ ወደ ዲግሪ ሲመለስ ከአክሲሱ (ከመሀል መስመሩ) 1.43 ነው። አንተ ከሚገባው በላይ ስላሾጠጥከው ወፍራሙ ጫፍ አፉ ላይ ይይዛል፣ ቀጭኑ ጫፍ ከውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። (በነገራችን ላይ ሞርስ የተባለው አሜሪካዊው ስቲፈን ሞርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 የጠመዝማዛውን የመሰርሰሪያ ፑንታ ፓተንት ያስመዘገበው። የቴሌግራፉ ሞርስ ሌላ ሰው ነው።)

ስለዚህ ዲግሪውን እርሳውና ጉዞውን ለካ። እኔ የምመርጠው መንገድ ሒሳብም የለውም። ደህና የሆነ ቁጥር 2 ሞርስ ያለው ዕቃ ፈልግ፤ ገዝተህ ያስቀመጥከው ወይም ከጎረቤት ቶርኖ ቤት ለአንድ ቀን የተዋስከው፣ ብቻ ሁለቱም ጫፉ ላይ የሴንተር ቀዳዳ ይኑረው። በሁለት ሴንተር (ሥራውን ከሁለት ጫፍ በሚይዙ ሹል ብረቶች) መሀል አቁመው። ቀጭኑ ጫፍ ወደ ቴልስቶኩ ይዙር፤ ያንተም ሥራ ቻክ (ሥራውን ነክሶ የሚያዞረው መያዣ) ላይ ሲታሰር ቀጭኑ ወደዚያ ነውና። ከዚያ መቁረጫው በሚታሰርበት ቦታ ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) እሰር፣ ጫፉ ልክ የሴንተሩ ከፍታ ላይ ይንካ። አሁን የኮምፓውንዱን እጀታ ብቻ እያዞርክ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂድ። መርፌው ከተንቀሳቀሰ ዳዶውን ላላ አድርገህ ኮምፓውንዱን በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያልክ ነካ ነካ አድርገው። መርፌው በሙሉ ርዝመቱ ቆሞ ሲቀር አጥብቅ። ሲጠብቅ ትንሽ ስለሚንሸራተት ካጠበቅክ በኋላ እንደገና አረጋግጥ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው።

የምትቀዳው ዕቃ ካጣህ ደግሞ አንድ ዘንግ ቻክ ላይ አስረህ ካሬጁን (መቁረጫውን በማሽኑ ርዝመት የሚወስደውን ተንሸራታች) ብቻ እያስኬድክ ቀጭን ቁርጥ ውሰድበት፤ ዲያሜትሩ ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል መሆኑን በማይክሮሜትር አረጋግጥ። ኢንዲኬተሩን እዚያ ዘንግ ላይ አግድም አስነካና ኮምፓውንዱን 50 ሚሊሜትር አስኪድ። መርፌው 1.248 ካነበበ አንግልህ 1.43 ነው። ሌላ አንግል ከፈለግክ የጉዞህን ርዝመት በአንግሉ ሳይን አባዛ፣ በቃ። እጀታውን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አዙር፤ መለስ ካልክ የብሎኑ ልቅነት ንባብህን ያበላሸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ብዙ ያስለፋኝ ነው። የመቁረጫህ አፍ ከሴንተር ከፍታ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ አንግሉን በትክክል አስረህም ሾጣጣው ቀጥ አይልም፤ መሀሉ ጎድጎድ ይላል፣ አንግሉም ይዛባል። እኔ አንድ ጊዜ ኢንዲኬተሩን ስጠራጠር ውዬ ለካ ጥፋቱ ከመቁረጫው ሥር የጎደለች ስስ ቆርቆሮ ነበረች። በመጨረሻ ሥራህ ላይ በርዝመቱ ሦስት የእርሳስ መስመር አስምር፣ ቀዳዳው ውስጥ አስገብተህ ሩብ ዙር አዙረውና አውጣው። እርሳሱ በሙሉ ርዝመቱ ከደበዘዘ ገጥሟል። ወፍራሙ ጫፍ ላይ ብቻ ከጠፋ ገና ሹል ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እቤቴ ጥቃቅን ሥራ እሠራለሁ። ፍላንጅ (በብሎን የሚያያዝ ክብ ሳህን) ላይ 12 ቀዳዳ እኩል መክፈል አለብኝ፣ ሌላ ሰባት ቀዳዳ ያለውም ታዝዣለሁ። መከፋፈያ መሣሪያ የለኝም፣ ዋጋውም አይቀመስም። በስኳድራና በኮምፓስ ሞክሬ አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ከመጀመሪያው ጋር አልገናኝ አለ። (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አባቴ፣ መከፋፈያው እቤትዎ አለ። ከቶርኖዎ ጋር የመጡት ማርሾች ናቸው። 60 ጥርስ ያለውን ማርሽ ከስፒንድሉ (ቻኩን ከሚያዞረው ዘንግ) ኋላ፣ ከእሱ ጋር አብሮ እንዲዞር አድርገው ይሰሩት። እኔ የማስረው ስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ብሎን ሲጠብቅ በሚሰፋ ስንጥቅ ቡሽ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ 6 ዲግሪ ነው። ለ12 ቀዳዳ በየአምስት ጥርሱ ይዘላሉ፣ ለ6 በየአሥሩ። ለ8 ግን 60 አይሆንም፤ 40 ጥርስ ያለውን ይውሰዱና በየአምስቱ ይቁጠሩ። ማቆሚያው ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሾለ ብረት ነው፣ በጥርሶቹ መሀል ገብቶ ስፒንድሉን ይይዛል። በሞላ ቢገፋ ይመረጣል፤ እንዲያ ሲሆን ልቅነት አይኖርም።

ከሁሉ በፊት ግን ሶኬቱን ይንቀሉ። ማቆሚያው እንደገባ ማሽኑ ቢነሳ ጥርስ ይሰበራል፣ እጅም ይጎዳል።

ሲያስምሩ ሞተር አያስፈልግም። ሹል መቁረጫ ሴንተር ከፍታ ላይ ያስሩና ፍላንጁን እጅግ በጥቂቱ እንዲጭር ያስነኩት፣ ከዚያ ክሮስ ስላይዱን (መቁረጫውን ወደ መሀልና ወደ ውጭ የሚወስደውን ተንሸራታች) በእጅ ሳብ ያድርጉት። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ማርሹን አምስት ጥርስ ያዙሩ፣ ይድገሙ። 12ቱ መስመር ካለቀ ማቆሚያውን ያውጡና ቻኩን በእጅዎ አንድ ዙር አዙረው ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበትን ክብ ያስምሩ። መስመርና ክብ የተገናኙበት ላይ በፑንች (ነጥብ በሚያሳርፍ ሹል ብረት) ይምቱ። በኮምፓስ ሲከፍሉ ትንሿ ስህተት 12 ጊዜ ትደመራለች፤ በማርሹ ግን አትደመርም።

ሰባቱ ቀዳዳ በዚህ አይወጣም፤ 60 ለ7 አይካፈልም። ለእሱ በማርሹ ቦታ የሚታሰር ክብ ከደረቅ እንጨት ይቅረጹ፣ ዲያሜትሩ 114.6 ሚሊሜትር። ዙሪያው ልክ 360 ሚሊሜትር ይሆናል። ዙሪያው ላይ ሚሊሜትር የተሰመረበት ወረቀት ይለጥፉ፤ እያንዳንዷ ሚሊሜትር አንድ ዲግሪ ሆነች ማለት ነው! ይህን ዘዴ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰባት ለመክፈል በየ51.43 ሚሊሜትር ያቆማሉ። ወረቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ከወፈረ እንጨቱን 114.5 ያድርጉት። በንባብ 0.2 ሚሊሜትር ቢሳሳቱ፣ 100 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የቀዳዳ ክብ ላይ 0.17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለፍላንጅ ብሎን ይበቃል፤ ለማርሽ ሥራ ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ መጽሐፉ ለብሎን ጥርስ ኮምፓውንዱን 29.5 ላይ አስሪ ይላል። እንዳለው አሰርኩ። ጥርሱ አንድ ጎኑ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ወጣ፣ ዳዶውም አይገባም። (አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ማሽንሽ ዜሮ የሚለው የቱ ጋ ነው? ኮምፓውንዱ ከክሮስ ስላይዱ ጋር አንድ መስመር ሲሆን ዜሮ የሚሉ አሉ። ከአልጋው (ካሬጁ ከሚሄድበት ከማሽኑ ወለል) ጋር ትይዩ ሲሆን ዜሮ የሚሉም አሉ። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ያንቺ ሁለተኛው ከሆነ ማሰር ያለብሽ 60.5 ላይ ነበር። በ29.5 መቁረጫው ወደ ብረቱ ከመግባት ይልቅ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ደረጃው የመጣው ከዚያ ነው።

ቁጥሩ እስከዚያ ካልደረሰ የልጆች ጂኦሜትሪ ሣጥን ውስጥ ያለችውን 30 እና 60 ዲግሪ ያላት ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ውሰጂ። የቻኩ ፊት ላይ አስደግፊያትና ኮምፓውንዱን ከ30ው ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርጊ፣ ከዚያ ግማሽ ዲግሪ ወደ ክሮስ ስላይዱ መልሺው። እዚህ ላይ የሞርስን ያህል መጨነቅ የለብሽም፤ 29 ቢሆንም ደህና ነው። 31 ከሆነ ግን ደረጃው ተመልሶ ይመጣል። ለኤም 10 ባለ 1.5 (ዲያሜትሩ 10፣ ከጥርስ ጥርስ ርቀቱ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ) ጥርስ ጥልቀቱ 0.92 ሚሊሜትር ነው፤ ኮምፓውንዱ ግን በሰያፍ ስለሚገባ እጀታው ላይ 1.06 እስኪሆን ትሄጂያለሽ። ከ1 ሚሊሜትር ካለፍሽ ጀምሮ በየቁርጡ ዳዶውን እየሞከርሽ ሂጂ።